ጎባጣ መስታወት፣ ጠፍጣፋ ፊልም
የመኪና ቲንት የኋላ መስታወት ላይ ሲደርስ ለምን ይከብዳል?

መኪናውን ቲንት ሊያስለጥፍ የወሰደ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። የጎን መስታወቶቹ ቶሎ ቶሎ ያልቃሉ፤ የኋላው ላይ ሲደረስ ግን ሥራው ይንቀራፈፋል። ፊልሙ የሚለጠፈው በውስጥ በኩል ሆኖ ሳለ ባለሙያው መጀመሪያ ከውጭ ያነጥፈዋል። ከዚያ የሙቅ አየር መሣሪያውን ይዞ በጠርዙ ዙሪያ ደጋግሞ ይመላለሳል። ገና ምንም ሳይለጥፍ ብዙ ደቂቃ ያልፋል። ሆኖም ዋናው ሥራ የሚሠራው በነዚህ ደቂቃዎች ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ማጠብና መለጠፍ ነው።

ችግሩ የሚመነጨው ከቅርጽ ነው። የጎን መስታወት ጎበጥ የሚለው በአብዛኛው ከላይ ወደ ታች ብቻ ስለሆነ ጠፍጣፋ ፊልም በቀላሉ ይቀበለዋል። የብዙ መኪኖች የኋላ መስታወት ግን ከላይ ወደ ታችም፣ ከግራ ወደ ቀኝም ይጎብጣል። ወረቀት በጀበና አንገት ላይ ያለችግር ይጠቀለላል፤ ሆዱ ላይ ሲደርስ ግን ይጨማደዳል። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1827 ምክንያቱን በማስረጃ አስቀምጦታል፦ ጠፍጣፋ ነገር ሳይለጠጥ ወይም ሳይኮማተር በሁለት አቅጣጫ የጎበጠ ገጽ ላይ ሊያርፍ አይችልም። ስለዚህ በመስታወቱ ጠርዝ ላይ የሚነሳው እጥፋት የባለሙያው ጉድለት አይደለም። ፊልሙ እዚያ ቦታ ላይ ከሚያስፈልገው በላይ ስለሆነ የተረፈው መሄጃ አጥቶ ነው።

መስታወቱ እንዲህ የጎበጠው ለመልክና ለነፋስ ሲባል ነው። ጣሪያው ወደ ኋላ ቀስ ብሎ ሲወርድ አየር በመኪናው ላይ ያለችግር ይፈስሳል፤ መልኩም ይለሰልሳል። በዚህ ረገድ ስሙ የሚነሳው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1964 ለገበያ የቀረበው የአሜሪካኑ ፕሊመዝ ባራኩዳ ነው። የኋላ መስታወቱ ከጣሪያው ተነስቶ ወደ ሁለቱም ጎን የሚታጠፍ ሲሆን ስፋቱ 1.3 ካሬ ሜትር ያህል ነበር። እንዲህ ያለውን መስታወት ፋብሪካው ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ አሙቆ ቅርጽ ያስይዘዋል። ፊልሙ ግን ጠፍጣፋ ሆኖ፣ በጥቅል ነው የሚመጣው። ቅርጽ የሚያስይዘው ባለሙያው በእጁ ነው።

ይህን የሚያስችለው የፊልሙ ባሕርይ ነው። ቲንት የሚሠራበት ፕላስቲክ ፖሊስተር ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1941 ዊንፊልድና ዲክሰን የተባሉ ብሪታንያውያን ኬሚስቶች የፈጠሩት፣ ዛሬ የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት ዓይነት ነው። ፋብሪካው ፊልሙን ሲሠራ በሙቀት ለጥጦ ያሳሳዋል፤ እንደተለጠጠም ያቀዘቅዘዋል። ስለዚህ ፊልሙ ውስጥ ወደ ቀድሞው ልኩ የመመለስ ዝንባሌ ታምቆ ይቀራል። ከ70 እስከ 80 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቅ ፕላስቲኩ መላላት ይጀምራል፤ ከዚያ በላይ ሲሞቅ ደግሞ ይኮማተራል። ወደ 250 ዲግሪ ሲጠጋ ይቀልጣል። ባለሙያው የሚሠራው በነዚህ ሁለት ወሰኖች መካከል ነው። ብዙ ሰው ፊልሙ በሙቀት ተለጥጦ የሚገጥም ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ ትርፉ የሚጠፋው ፊልሙ ሲያጥር ነው።

ማጠሩ ግን በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። ፊልሙ በደንብ የሚያጥረው በጥቅሉ ርዝመት አቅጣጫ ነው። ስለዚህ የጥቅሉ ርዝመት በመስታወቱ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ሆኖ ይነጠፋል። ያን ጊዜ ትርፉ በላይኛውና በታችኛው ጠርዝ ላይ ቁልቁል የቆሙ እጥፋቶች ሆኖ ይሰበሰባል። እነሱን ለማጥፋት ማጠር ያለበት የአግድሙ ርዝመት ነው፤ ፊልሙም የሚያጥረው በዚያው በኩል ነው። ቁራጭ ለመቆጠብ ብሎ ፊልሙን አዙሮ ያነጠፈ ሰው የፈለገውን ያህል ቢያሞቅ እጥፋቱ አይጠፋለትም፤ ጭራሽ ተሰብሮ ቋሚ መስመር ይሆናል።

የማሳጠር ሥራው በሁለት መንገድ ይሠራል። በእርጥቡ ዘዴ ሳሙና የገባበት ውሃ በመስታወቱ ውጫዊ ገጽ ላይ ይረጫል፣ ፊልሙ ይነጠፋል፣ ከዚያ እያንዳንዱ እጥፋት እየሞቀ በጠንካራ መጥረጊያ ይዳመጣል። በደረቁ ዘዴ መስታወቱ ላይ የሕፃናት ፓውደር በስሱ ይቀባል፤ ፊልሙ ሳይጣበቅ በነፃነት እንዲንሸራተት ነው። ከዚያ በእርጥብ ስፖንጅ መካከሉ ላይ አንድ አግድም መስመር፣ በግራና በቀኝ ደግሞ ሁለት ቁልቁል መስመሮች ይሠመራሉ። ፊልሙን የሚይዙት እነዚህ እርጥብ መስመሮች ናቸው፤ የቀረው በሙቀቱ ይኮማተራል። ደረቁ ዘዴ ሙቀቱን እኩል ስለሚያዳርስ በጣም ለጎበጠ መስታወት ብዙዎች ይመርጡታል።

በሁለቱም ዘዴ ብልሃቱ አንድ ነው፦ ትርፉን መበተን። አንድ ትልቅ እጥፋት በአንድ ጊዜ ቢሞቅ ተጣጥፎ ይጣበቃል። ያው እጥፋት ወደ ብዙ ትናንሾች ቢከፋፈል ግን እያንዳንዱ በቀላሉ ይጠፋል። ሙቀቱም አንድ ቦታ ላይ መቆም የለበትም። ከበዛ ፊልሙ ይቃጠላል ወይም ይሸበሸባል፤ ካነሰ እጥፋቱ ተመልሶ ይነሳል። መስታወቱም ራሱ ጣጣ አለው። አብዛኛው የኋላ መስታወት በሙቀት የተጠናከረ ስለሆነ ሲሰበር መላው ወደ ጥቃቅን ፍርፋሪ ይለወጣል፤ በቀዝቃዛ ቀን አንድ ነጥብ ብቻ ማጋልም ለዚህ አደጋ ያጋልጣል።

ፊልሙ ቅርጽ ከያዘ በኋላ ጠርዙ በልኩ ተቆርጦ ወደ ውስጥ ይዛወራል። ከውጭ ሲነጠፍ ሙጫውን የሸፈነው መከላከያ ልባስ ወደ ባለሙያው እንዲዞር የሚደረገውም ለዚህ ነው፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ሙጫው ያለበት ገጽ በቀጥታ መስታወቱን ያገኛል። ውስጥ ግን ሌላ ጥንቃቄ ይጠብቃል። ጉም የሚያጠፉት ቀጫጭን የማሞቂያ መስመሮች በመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ የታተሙ ናቸው፤ በምላጭ ከተፋቁ ይበጠሳሉ። አሮጌ ቲንት ሲነሳ በእንፋሎት ሙጫውን አላልቶ ቀስ ብሎ መላጥ የሚመከረውም ስለዚህ ነው። በጠርዙ ዙሪያ ያሉት ጥቁር ነጠብጣቦች ደግሞ ከመስታወቱ ገጽ ትንሽ ከፍ ስለሚሉ ፊልሙ እዚያ ላይ ሙሉ በሙሉ አይተኛም፤ ነጣ ያለ ጥላ ይተዋል። ይህ የተለመደ ነው።

የፊልሙም ዓይነት ለውጥ ያመጣል። በቀለም ብቻ የተሠራው ርካሽ ነው፤ ከጊዜ በኋላ ግን ወደ ሐምራዊ ሊለወጥ ይችላል። ብረት የገባበት ሙቀትን በደንብ ይመልሳል፤ ነገር ግን የብዙ መኪኖች የሬዲዮ አንቴና የኋላ መስታወት ላይ ስለታተመ ሞገዱን ሊያዳክም ይችላል። ሴራሚኩ ሳይጠቁርም ሙቀት ይከላከላል፤ ሬዲዮም አይነካም፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

የጥቁረቱ ልክ የሕግ ጉዳይ ነው። የሚለካው በሚያሳልፈው ብርሃን ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጥቁረቱ ይጨምራል። ብዙ አማርኛ ተናጋሪ በሚኖርበት በዋሽንግተን አካባቢ እንኳ ሕጉ ድልድይ በተሻገሩ ቁጥር ይለያያል። ለቤት መኪና የኋላ መስታወት ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ቢያንስ 35 በመቶ ብርሃን እንዲያልፍ ሲጠይቁ፣ ዋሽንግተን ዲሲ 50 በመቶ ትጠይቃለች። መለኪያው የሚያየው ፊልሙንና መስታወቱን አንድ ላይ መሆኑም አይዘንጋ። 75 በመቶ በሚያሳልፍ መስታወት ላይ 40 በመቶ የሚያሳልፍ ፊልም ቢለጠፍ ውጤቱ 30 በመቶ ነው፤ ለቨርጂኒያም አይበቃም።

እንግዲህ ደንበኛ ከመስማማቱ በፊት መጠየቅ ያለበት የኋላው መስታወት በአንድ ቁራጭ ይለጠፍ እንደሆነ ነው። ፊልሙን ማሳጠር የማይችል ሠራተኛ በማሞቂያ መስመሮቹ ላይ እየቆራረጠ በክፍልፋይ ይለጥፈዋል፤ መጋጠሚያው ፀሐይ ሲያርፍበት ይታያል፤ ምላጩም መስመሮቹን ሊበጥስ ይችላል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ መታየት ያለባቸው የላይኛውና የታችኛው ጠርዝ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚታየው ዳመና የመሰለ እርጥበት ሲደርቅ ይጠፋል፤ እስኪደርቅም የኋላ ማሞቂያውን አለማብራት ነው። ጫፉ ላይ ስል ሆኖ የቀረ እጥፋት ግን ቢደርቅም አይለቅም። እሱን አይቶ ገንዘብ ከመክፈል በፊት እንዲታረም መጠየቅ የደንበኛው መብት ነው።