የድሬዳዋ ምድር ባቡርና የውጭ አገር የሥራ ባልደረቦች

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ፣ የልዩ ልዩ አገር ሰዎች በአንድ መሥሪያ ቤት አብረው ሲሠሩ የሚያጋጥማቸውን አለመግባባትና የሚያተርፉትን ዕውቀት በድሬዳዋ ምድር ባቡር ምሳሌነት ማስረዳት ነው። ዓመታቱ የተጻፉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። አዲሱን የአዲስ አበባና የጅቡቲ ባቡር ስድስት ዓመት ያህል ሲያንቀሳቅሱ የቆዩት የቻይና ኩባንያዎች ሥራውን በግንቦት 2016 ዓ.ም. ስላስረከቡ፣ «ከባልደረባ ምን ተማርን?» የሚለው ጥያቄ ለእኛ ለተማሪዎችም የቅርብ ጉዳይ ሆኗል።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የባቡሩን ሥራ ለስዊሱ መሐንዲስ ለሙሴ ኢልግ ፈቀዱ፤ የኢልግ የሥራ ጓደኛ ፈረንሳዊው ሙሴ ሸፍኔ ነበሩ። ሐዲዱን ወደ ሐረር ተራራ ማውጣት እጅግ አስቸጋሪና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ስለ ሆነ፣ መስመሩ ከተራራው በታች በሜዳው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ፣ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» የተባለችው ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ዋናው የጥገና ወርክሾፕ በድሬዳዋ ስለ ነበረ፣ የአገሩ ልጅ ከፈረንሳዊ አለቃ ጋር በፈረንሳይኛ እየተነጋገረ ይሠራ ነበር፤ በከተማይቱም ግሪኩ፣ ጣልያኑ፣ አርመኑ፣ ዓረቡና ሕንዱ ከሶማሌው፣ ከኦሮሞው፣ ከአማራውና ከሐረሪው ጋር ጎረቤት ሆኖ ኖረ።

ከባዕድ ባልደረባ ጋር ሲሠራ የሚፈጠረው ችግር ብዙውን ጊዜ ከክፋት የሚመጣ አይደለም። ምንጩ ሁለቱም ወገኖች «ይህማ የታወቀ ነው» ብለው ሳይነጋገሩበት የሚያልፉት ነገር ነው። ከእነዚህም ሦስቱን እንመልከት።

1ኛ፤ ሰዓት። የእኛ ቀን የሚጀምረው ከንጋት ስለ ሆነ፣ ጧት ሁለት ሰዓት የምንለው ለውጭው ሰው ስምንት ሰዓት ነው። ይህን የስድስት ሰዓት ልዩነት ሰው ቶሎ ይለምደዋል። የሚያስቸግረው የሌሊቱ ነው። እኛ ሰኞ ሌሊት ስምንት ሰዓት የምንለው፣ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ለሚቆጥረው ሰው ማክሰኞ ሆኗል። «ለማክሰኞ አጥቢያ» ካልተባለ በቀር ባቡሩና ተረኛው ሠራተኛ በአንድ ቀን ልዩነት ሊተላለፉ ይችላሉ።

2ኛ፤ ስም። የውጭው አገር ሰው ኋለኛውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስዳል። ስለዚህ አበበ በቀለ የተባለውን ሠራተኛ «ሙሴ በቀለ» ብሎ ሲጠራው በአክብሮት የጠራው ይመስለዋል፤ የተጠራው ግን አባትየው ነው። የደመወዝ መዝገብም በአባት ስም ተራ ሲያዝ፣ ባለቤቱ ስሙን በመዝገቡ ሲፈልግ ይደክማል።

3ኛ፤ «እሺ»። ይህች ቃል በእኛ ዘንድ «ሰምቻለሁ»፣ «ላስብበት»፣ «እንዳላስቀይምህ» ማለትም ትሆናለች። የውጭው አለቃ ግን «በተባለው ጊዜ እፈጽማለሁ» የሚል ውል አድርጎ ይቀበላታል፤ ሥራው ሲዘገይም ሠራተኛውን ቃሉን የማይጠብቅ ሰው አድርጎ ይቆጥረዋል። በእኛም በኩል፣ ባልደረባው ሰላምታ ሳያበዛ በቀጥታ ወደ ሥራው ሲገባ ወይም ጥፋትን በሰው ፊት ሲናገር እንደ ንቀት ይታየናል። እኛ በይሉኝታ የምናልፈውን እርሱ ሥራውን ለማቃናት የሚናገረው ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይገባል።

ይህ ሁሉ ሳለ ዕውቀት መተላለፉ አልቀረም። ምስክሩ ቋንቋችን ነው። «ለገሃር»፣ «ቢሮ»ና «ፍሬን» ከፈረንሳይኛ፣ «ሊቶሪና»ና «ካቻቢቴ» ከጣልያንኛ፣ «ሐዲድ» ከዓረብኛ የመጡ ናቸው። የዕቃው ስም የተለመደው ዕቃው ራሱ በሠራተኛው እጅ ስለ ገባ ነው። በእንፋሎት ዘመን የነበረ ሰልጣኝ ከመምህሩ አጠገብ ቆሞ፣ መንኰራኵሩን በመዶሻ መትቶ ድምፁን እያዳመጠ፣ የተሰነጠቀውን ከደኅናው መለየት ይማር ነበር። ቋንቋው ቢጐድልም ዓይንና ጆሮ ያሟሉለት ነበር።

አዲሱ ባቡር በዚህ ረገድ ከቀድሞው ይለያል። የቀድሞው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ሲሆን የአዲሱ 1.435 ሜትር ነው፤ የሚንቀሳቀሰውም በኤሌክትሪክ ነው። በድሬዳዋ በኩል የሚያልፈውን የሚኤሶና የደወሌ ክፍል የሠራው አንድ የቻይና የሲቪል ምህንድስና ኩባንያ ነው። የአገራችን ነጂዎችም ወደ ቻይና ተልከው ሠልጥነዋል። ነገር ግን የኤሌክትሪክ ባቡር ብልሽት በመዶሻ ድምፅ ብቻ አይታወቅም። በኮምፒዩተር መስታወት ላይ ይነበባል፤ መፍትሔውም በመመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ይፈለጋል። ስለዚህ መምህሩን እያዩ መማር አይበቃም። መጽሐፉን የማያነብ ሠራተኛ ባልደረባው በሄደ ማግስት መፍቻውን ይዞ ይቆማል።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮችን ለአንባቢ አሳስባለሁ። በመጀመሪያ፣ የባቡር ሥራ ቃላት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ተተርጕመው በአንድ መዝገብ ይሰብሰቡ፤ ይህ ሥራ ከኛ ከተማሪዎች አቅም በላይ አይደለም። ሁለተኛ፣ በጡረታ ላይ ያሉት የቀድሞው ምድር ባቡር ሠራተኞች የሚያውቁት ሳይጠፋ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ከውጭ አገር ባልደረባ ጋር ሥራ ሲጀመር ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደ ሆነ፣ ሰው በየትኛው ስሙ እንደሚጠራና «እሺ» ምን ማለት እንደ ሆነ በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ይነገር።

ባልደረባ እንግዳ ነውና ውሎ አድሮ ወደ አገሩ ይመለሳል። የአብሮ መሥራት ትርፍ የሚመዘነውም እርሱ ከሄደ በኋላ ባቡሩ በሰዓቱ ሲነሣ ነው።