የዘቀጠ ቀለም ሁሉ የተበላሸ አይደለም

ጳጉሜን ስትገባ ደብረ ማርቆስ ላይ ብዙ ሰው የአምናውን ትራፊ ቀለም ከጓዳ ያወጣል። ክዳኑ ሲከፈት ላዩ ውሃ፣ ታቹ ጭቃ። አንዱ «ተበላሽቷል» ብሎ ይደፋዋል፤ ሌላው ነቅነቅ አድርጎ ይቀባዋል። ሁለቱም ኪሳራ ነው።

እኛም የተከራየናትን ክፍል ስንቀባ ሁለተኛውን አድርገን ተቀጥተናል። የመጀመሪያው ግድግዳ እንደ ቅራሪ ሳሳ፤ ቆርቆሮው ሲጋመስ የተቀባው ደግሞ ወፈረ። አንድ ክፍል፣ ሁለት ቀለም!

ነገሩ እንዲህ ነው። ነጭ ቀለምን የሚያነጣው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ዱቄት ከውሃ አራት እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ቀለሙ ሲቀመጥ ዱቄቱ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ማጣበቂያውና ፈሳሹ ላይ ይቀራል። ስለዚህ መነቅነቅ ብቻውን አይበቃም፣ አተላውን ከሥር ማንሳት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የዘይት ቀለም ቆዳ አበጅቶ ከሆነ አይበጥብጡት፤ ዙሪያውን ቆርጠው ያውጡት። ቀጥሎ ቀጭኑን ፈሳሽ ወደ ንጹሕ ባልዲ ይገልብጡ። የቀረውን ጫፉ ጠፍጣፋ በሆነ እንጨት ከሥርና ከጠርዙ እየፋቁ ይሹት። ሲለሰልስ ፈሳሹን በትንሽ በትንሹ እየመለሱ ያማስሉ፣ ልክ ሽሮ እንዳይጓጉል እንደምናደርገው። ከዚያ ከባልዲ ወደ ቆርቆሮ ደጋግመው ያገላብጡና በስስ ጨርቅ ያጥልሉ። ውሃ ወይም አኳራጅ ከዚህ በፊት አይጨምሩ።

የፕላስቲክ ቀለም ከሸተተ፣ ወይም እንደ አይብ ተቋጥሮ አልለሰልስ ካለ ግን አይድንም። መቋጠሩን ውርጭም ያመጣዋል። ወደ ጮቄ ከፍ ባሉ ቀበሌዎች የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ቀላል አይደለም፤ እዚያ ቀለም ደጅ አይደር።

ለማስቀመጥ የክዳኑን ጠርዝ ይጥረጉ፣ ላስቲክ አልብሰው አጥብቀው ይክደኑ። ቆርቆሮው እንዳይዝግ ከመሬት አንስተው ጣውላ ላይ፣ ከምድጃም ከፀሐይም ራቅ አድርገው ያኑሩት። በውሃ ፕላስቲክ ማስቀመጥ ግን ይቅር፤ ልጅ ይጠጣዋል።

አንድ ነገር ደግሞ። ኢትዮጵያ ቀለም ውስጥ የሚገኝ እርሳስ (ሊድ) ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ በደንብ የወሰነችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከዚያ በፊት የተገዛ የዘይት ቀለም ጓዳዎ ውስጥ ካለ፣ ቢማሰል ቢለሰልስም ልጆች የሚኖሩበትን ቤት አይቀቡበት። የድሮውን ግድግዳም በደረቁ አይፋቁት፤ የልጆችን አእምሮ የሚጎዳው አቧራው ነው።