የባቡር ቀለም ምን ይናገራል?

በዚህ እትም ስለ ባቡር ወዳጆች ላስረዳችሁ ነው።

አጎቴ የሚኖረው አሜሪካ፣ ዴንቨር ከተማ ነው። ሥራ በሌለው ቀን የጭነት ባቡር ሲያልፍ እየጠበቀ ፎቶ ያነሳና ለእኛ ይልክልናል። እናቴ «ምን ሆኖ ነው ይሄ ልጅ?» ትላለች። እኔ ግን ጠየቅሁትና ነገሩ ገባኝ። እዚያ አገር እንደሱ ያሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። «ሬልፋን» ይባላሉ፤ የባቡር ወዳጅ ማለት ነው።

ምን ያያሉ? መጀመሪያ ቀለሙን ነው። እኛ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ከሩቅ ስናይ ታክሲ መሆኑን እናውቅ የለ? እነሱም ሎኮሞቲቭን፣ ማለትም ፉርጎዎቹን የሚጎትተውን የባቡር ራስ፣ በቀለሙ ይለዩታል። ቢጫ ሆኖ ጣሪያው ግራጫ ከሆነ የዩኒየን ፓሲፊክ ነው። ብርቱካናማና ጥቁር ከሆነ የቢ.ኤን.ኤስ.ኤፍ. ነው። ድርጅቶቹ ሎኮሞቲቭ ስለሚዋዋሱ አንዳንዴ አንድ ባቡር ላይ የሁለት ድርጅት ቀለም ይታያል። ከዚያ ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር፣ ሰዓቱንና የሚሄድበትን አቅጣጫ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ።

በጣም የሚፈልጉት ግን ለየት ያለ ቀለም ያለውን ነው። ለምን? ዩኒየን ፓሲፊክ በየጊዜው ሌሎች የባቡር ድርጅቶችን ጠቅልሏል። ሲጠቀለሉ ስማቸውም ቀለማቸውም ከሀዲዱ ላይ እየጠፋ ሄደ። ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያ የሠሩ ሰዎች ግን ቀለሙን አይረሱትም። ስለዚህ ድርጅቱ በ2005 እና በ2006 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ስድስት ሎኮሞቲቮችን የእነዚያን ድርጅቶች መታሰቢያ አድርጎ ቀባ። ሰማያዊው የሚዙሪ ፓሲፊክ ነው፤ ቁጥሩ 1982። አረንጓዴና ቢጫው የቺካጎ ኤንድ ኖርዝ ዌስተርን ነው፤ ቁጥሩ 1995። እነዚህ ቁጥሮች ዝም ብለው የተሰጡ አይደሉም! ድርጅቶቹ የተጠቀለሉበት ዓመት ናቸው።

ሌላም አለ። 4141 የሚባለው ሎኮሞቲቭ በ2005 የፕሬዚዳንቱን አውሮፕላን ቀለም ተቀባ። ይህም 41ኛውን ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽን ለማክበር ነው። በ2018 ሲሞቱ አስከሬናቸውን የያዘውን ባቡር ቴክሳስ ውስጥ የጎተተው እሱ ራሱ ነው።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። እውነተኛ የባቡር ወዳጅ ለፎቶ ብሎ ሀዲድ ላይ አይቆምም። ጭነት የያዘ ረጅም ባቡር በፍጥነት እየሄደ ፍሬን ቢይዝ እንኳ እስኪቆም ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ነጂው ቢያያችሁም ሊያድናችሁ አይችልም። ደግሞ የባቡሩ አካል ከሀዲዱ በግራም በቀኝም 1 ሜትር ገደማ ወጣ ይላል። «ሀዲዱን አልነካሁም» ብሎ አጠገቡ መቆም አያድንም። አጎቴ የሚያነሳው ከአጥር ውጪ ሆኖ ነው። «ዛሬ ያመለጠኝ ሌላ ቀን ይመጣል፤ እኔ ግን አንድ ነኝ» ይላል።

በመጨረሻም ለእናንተ ጥያቄ፦ ከስድስቱ አንዱ የሳውዘርን ፓሲፊክ መታሰቢያ ነው፤ ቁጥሩም 1996 ነው። ይህ ቁጥር ምን ይነግረናል? መልሱን ለሚኒ ሚዲያ ክበባችን አባላት ንገሩ። ደህና ሁኑ!