ስምንት ዓመትና አርባ ቀን

(ድምፅ፦ ውሃ ሲንቦጫረቅ)

ተራኪ፦ ዩታ ውስጥ፣ በሶልት ሌክ ሲቲ፣ ነጭ የለበሰች የስምንት ዓመት ልጅ ከአባቷ ጋር ወደ መጠመቂያው ገንዳ ትወርዳለች። ሁለት ምስክሮች ከዳር ቆመው ያያሉ። የጸጉሯ ጫፍ እንኳ ሳይጠልቅ ከቀረ ጥምቀቱ ይደገማል።

ለምን ስምንት ዓመት? ብዙዎች ሞርሞን የሚሏቸው የኋለኛው ቀን ቅዱሳን፣ ልጅ ከዚያ ዕድሜ በፊት በኃጢአት አይጠየቅም ይላሉ። መሥራቻቸው ጆሴፍ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1842 ለአንድ የቺካጎ ጋዜጣ አዘጋጅ ሲጽፍ፣ ሰው የሚቀጣው በገዛ ኃጢአቱ እንጂ በአዳም መተላለፍ እንዳልሆነ አስፍሯል።

(ዝግ ያለ ሙዚቃ)

ተራኪ፦ እ.ኤ.አ. ጁን 1828፣ ፔንስልቬንያ፣ ሐርመኒ። የጆሴፍ ሚስት ኤማ የበኩር ልጇን ወለደች፤ ሕፃኑ በዚያው ዕለት ሞተ። ጆሴፍ ያኔ ተከታዮቹ ቅዱስ የሚሉትን መጽሐፈ ሞርሞን እያስጻፈ ነበር። በዓመቱ ባስጻፈው ክፍል የሕፃናት ጥምቀት በብርቱ ቃል ተወገዘ። ተከታዮቹ ቃሉ ከአምላክ ነው ይላሉ። እኔ ግን ያን ምዕራፍ ባነበብኩ ቁጥር ያቺ እናት ትታየኛለች።

በተቃራኒው፣ የሂፖው ጳጳስ አውግስጢኖስ በ5ኛው መቶ ዘመን፣ የአዳም በደል ከነዕዳው ለልጆቹ እንደሚተላለፍ፣ ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃንም ቀላል ይሁን እንጂ ቅጣት እንደሚጠብቀው አስተምሮ ነበር። የምዕራቡ ክርስትና ይህን ሸክም ለዘመናት ተሸክሞ ኖሯል።

ሞርሞኖች ኃጢአትን ያቃልላሉ ማለት ግን አይደለም። ካወቁ በኋላ የሠሩት የራስ ዕዳ ነው፤ ከባድ ሲሆንም ቢሾፕ ለሚሉት የአጥቢያ መሪ ይናዘዙታል። ልዩነቱ ገነት ላይ ነው። በእነሱ ዘንድ ሔዋን ፍሬውን መብላቷ ሕግ መተላለፍ እንጂ ኃጢአት አይባልም። ባትበላ ኖሮ ልጅ አይወለድም፣ ክፉና ደግም አይለይም ነበርና ያከብሯታል። ለሌሎቹ ክርስቲያኖች ቤዛው የቱንም ያህል ቢደንቅ ውድቀቱ ጥፋት ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ጥንተ አብሶ፣ ማለትም የአዳም የመጀመሪያ በደል፣ የሚለውን ቃል የማያውቅ ምእመን ጥቂት ነው። በመጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት ገቡ። የኦርቶዶክስ እናትም ወንድ ልጇን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ይዛ ለክርስትና ትወጣለች፤ የጠፋው ልጅነት የሚመለሰው በዚያ ውሃ ነው። የዩታዋ እናት የ40 ቀን ልጇን ስታቅፍ ግን የሚመለስ ነገር አይታያትም። በእሷ እምነት ገና ምንም አልጠፋበትም።

(ድምፅ፦ ሕፃን ሲያለቅስ፣ ከሩቅ የማለዳ ቅዳሴ)