ስለ ፋብሪካ አለቃ ጠባይና ስለ ሥራው ፍሬ

የፋብሪካ ሀብት መኪናው ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ሁለት ፋብሪካዎች አንድ ዓይነት መኪና፥ አንድ ዓይነት መሬትና ውሃ ይዘው አንዱ ሲያተርፍ ሌላው ይከስራል። የዚህም ምክንያት ብዙ ጊዜ የሚገኘው በአለቃው ጠባይ ነው። ነገሩ ለወለጋ ሹማምንት እንግዳ አይደለም፤ በፊንጫ ሸለቆ የተሠራው የስኳር ፋብሪካ በ1991 ዓ.ም. ማምረት ጀምሯል፤ በደዴሳ ሸለቆም የአርጆ ደዴሳ ፋብሪካ ከዚያ በኋላ ተተክሏል።

አገዳ ከተቆረጠ በኋላ እንደ ጤፍ ክምር ጊዜ አይሰጥም፤ በቆላ ሙቀት ስኳሩ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ቆራጩ፥ የካሚዮን ነጂውና የወፍጮው ሠራተኛ እንደ አንድ ሰው ሊሠሩ ይገባል። ወፍጮው ተሰብሮ ወሬው ቶሎ ለእርሻው ሹም ካልደረሰ ቆራጩ ሳያውቅ መቍረጡን ይቀጥላል፤ የተጋደመውም አገዳ ሁሉ ይጐዳል።

የአለቆች ልዩነት የሚገለጠው በዚህ ጊዜ ነው። አንዱ አለቃ በቍጣ ይገዛል። በፊቱ የቆመ ሁሉ «እሺ» ይላል፤ ነገር ግን የመኪናውን መጋል ያየው ሠራተኛ ተግሣጽ ፈርቶ ዝም ስለሚል፥ ወሬው ለአለቃው የሚደርሰው ከብልሽቱ በኋላ ነው። ሁለተኛው ሁሉን ለበታቾቹ ትቶ በቢሮው ይቀመጣል፤ የእርሻውና የወፍጮው ሹሞችም ጥፋቱን አንዱ በሌላው ላይ ይጥላሉ። ሦስተኛው ማለዳ ተነሥቶ እርሻውንና ወፍጮውን ዞሮ ያያል፥ ይጠይቃል፥ ከመከረም በኋላ ቍርጥ ትእዛዝ ይሰጣል። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላልና፥ የሚመክር አለቃ ሥልጣኑ አይቀንስበትም። እሳት በተነሣ ጊዜ ግን ምክር አይጠራም፤ ያን ጊዜ ፈጣን ትእዛዝ ያስፈልጋል።

የሆላንዱ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. በ1946 ዓ.ም. የወንጂን ፋብሪካ ሲከፍት ከፍተኛውን ሹመት የያዙት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ሠራተኞቹም ቃላቸው እንዲሰማ በማኅበር ተሰበሰቡ፤ ከእነርሱም መካከል የተነሡት አቶ አብርሃም መኮንን በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በጃፓንም የቶዮታ ኩባንያ፥ ጕድለት ያየ ማናቸውም ሠራተኛ ገመድ ስቦ ሥራውን እንዲያስቆም ፈቀደ። ጕድለት ገና ትንሽ ሳለ ቢታወቅ የሚጠፋው ገንዘብ ያንሳልና።

ይህ ለስኳር ብቻ አይደለም። ከነቀምቴና ከጊምቢ ዙሪያ የሚመጣው ቀይ ቡና ወደ እጥበት ጣቢያ በገባ ጊዜ በቶሎ ካልተፈለፈለ ጣዕሙ ይበላሻል። በሚዛን ላይ የቆመው ሠራተኛ «ቡናው ከመፈልፈያው አቅም በላይ ሆኗል» ለማለት ከፈራ፥ ገበሬው ዓመት ሙሉ የደከመበት በአንዲት ሌሊት ዋጋውን ያጣል።

ስለዚህ አገር የምታስተዳድሩና መሬት ያላችሁ ሁሉ ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፥ ፋብሪካ ስትጐበኙ የመኪናውን ብዛት ብቻ አትመልከቱ፤ ያለፈው ብልሽት ከስንት ሰዓት በኋላ ለአለቃው እንደ ተነገረ ጠይቁ። ሁለተኛ፥ ከመሬቱ የተነሣው ገበሬ የካሣውን አቤቱታ ለአለቃው ራሱ የሚያቀርብበት ቀን እንዲቈረጥ አድርጉ። ሦስተኛ፥ አገዳ በሚቆረጥበት ወራት አለቃውን ለስብሰባ ወደ ከተማ አታመላልሱት። መኪናን ባለሙያ ይጠግነዋል፤ በፍርሃት የተዘጋውን የሠራተኛ አፍ ግን ሊከፍት የሚችል አለቃው ራሱ ነው።