ያውቁ ኖሯል? የመቅደላው መድፍና የደወሉ ማማ

ጎቲክ የሚባለው አጭር ልቦለድ፣ ማለትም በጨለማና በፍርሃት ድባብ የሰውን ስውር ኃጢአት የሚያጋልጥ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ፣ ትዕቢት የወለደውን የእጅ ሥራ ደጋግሞ ለፍርድ ያቀርባል። አሜሪካዊው ኸርማን ሜልቪል እ.ኤ.አ. በ1855 ባሳተመው «የደወሉ ማማ» በተሰኘ ታሪኩ፣ ማዕድን አቅልጦ ግዙፍ ደወል የሚሠራ መሐንዲስ በፍርሃት ያፈገፈገ ሠራተኛውን ሲገድል በደወሉ ላይ የማይታይ እንከን ይቀራል፤ መሐንዲሱም ደወሉን እንዲመታ በሠራው ሰው መሰል ማሽን ተመትቶ ይሞታል።

የዚህ ታሪክ የቅርብ አምሳያ በደቡብ ወሎ፣ ከደሴ ወደ ተንታ በሚወስደው አቅጣጫ፣ መቅደላ አምባ ላይ ይገኛል። ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርን የመሰሉ ሚሲዮናውያንን አስገድደው ያሠሩት ሴባስቶፖል፣ ሞርታር የሚባለው ባለ አጭር አፈሙዝ መድፍ ሲሆን፣ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝን በመሆኑ ገደል እየተናደ መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ጉልበት ተጎትቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በመንገዱ ሥራ ይሳተፉ ነበር፤ ከመድፉ ይልቅ የሚደንቀውም ምናልባት ይኸው መንገድ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ አጠገብ በሚገኘው እሮጌ፣ ንጉሠ ነገሥቱን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ከኋላ በሚጎርስ ስናይደር ጠመንጃና በሮኬት ሲዋጋ ግን ሴባስቶፖል አንዳች አልፈየደም። ያም ሆኖ አገሩን ለማስታጠቅ የደከመን ንጉሥ ከሜልቪል መሐንዲስ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ፍርደ ገምድልነት ነው። በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የሚታየው ቅጂው ሲሆን፣ ዋናው መድፍ ዛሬም እዚያው መቅደላ ነው።