ሐሩርና ወበቅ፦ የደረቅና የእርጥብ ሙቀት ንጽጽር

በአማርኛችን ሙቀት አንድ ስም ብቻ የለውም። ፀሐይ ድንጋዩንና አሸዋውን አግላ፣ ከንፈር ሲሰነጠቅና አፍ ሲደርቅ ሐሩር እንላለን። ነፋሱ ቆሞ፣ ልብስ ከገላ ጋር ሲጣበቅና ትንፋሽ ሲያጥር ግን ወበቅ እንላለን። ሁለቱ ቃላት በዕለታዊ ንግግር አንዱ በሌላው ቦታ ቢገቡም፣ የሚያመለክቷቸው ነገሮች በተፈጥሮ ሳይንስ ረገድ የተለያዩ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ልዩነቱ ከምን እንደሚመነጭ፣ አንዱን የለመደ ሰው በሌላው ለምን እንደሚሸነፍ፣ በተለይም በምንኖርበት በኦሃዮ ወበቁ በአረጋውያን ወላጆቻችን ላይ ምን አደጋ እንደሚያስከትል ለማስረዳት እንሞክራለን።

፩. ሰውነት የሚቀዘቅዝበት መንገድ

የጤነኛ ሰው ውስጣዊ ሙቀት 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ቆዳው በሞቃት ስፍራ 35 ዲግሪ ያህል ይሆናል። አየሩ ከቆዳው የቀዘቀዘ እንደሆነ ሰውነት ሙቀቱን ወደ አየሩ ያስወጣል። አየሩ ከቆዳው በላይ ሲሞቅ ግን ይህ በር ይዘጋል፤ የሚቀረው ዋና መንገድ ላብ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ላብ የሚያቀዘቅዘው ስለ ወረደ ሳይሆን ስለ ተነነ መሆኑ ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ተንጠባጥቦ መሬት የወደቀ ላብ ግን ውኃና ጨው ከማባከን በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም።

እናቶቻችን ይህን ሕግ በእንስራ ያውቁታል። ውኃው በሸክላው ቀዳዳዎች እየሰረገ በውጭው ገጽ ላይ ሲተን በውስጥ የቀረው ይቀዘቅዛል። አየሩ በእርጥበት በጠገበበት ስፍራ ግን የእንስራው ላብ አይተንም፤ ውኃውም ለብ እንዳለ ይቀራል። የሰው ሰውነትም እንደዚሁ ነው።

የሳይንስ ሰዎች ይህን የሚለኩት ጫፉ በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ ቴርሞሜትር ነው። ሁለት ምሳሌ እንውሰድ። አየሩ 40 ዲግሪ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ 15 በመቶ በሆነ ቀን እርጥቡ ቴርሞሜትር 21 ዲግሪ ገደማ ያነባል። አየሩ 32 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 60 በመቶ በሆነ ቀን ግን 26 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። በደረቁ ቴርሞሜትር በ8 ዲግሪ የሚያንሰው ቀን በእርጥቡ በ5 ዲግሪ ይበልጣል ማለት ነው።

ስቲቨን ሸርዉድና ማቲው ሁበር እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ እርጥቡ ቴርሞሜትር ለሰዓታት 35 ዲግሪ ከደረሰ ማንም ሰው፣ ጥላ ሥር ራቁቱን ቢቀመጥም እንኳ፣ ሊቋቋመው እንደማይችል አመልክተው ነበር። በፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በጤነኛ ወጣቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ምርምር ደግሞ ገደቡን በእርጥብ አየር ወደ 31 ዲግሪ አወረደው። በደረቅና እጅግ በሞቀ አየር ገደቡ ከዚያም አንሶ ተገኝቷል፤ በዚያ ላቡ ሁሉ ቢተንም ሰውነት በበቂ ፍጥነት ማመንጨት ያቅተዋልና። እንግዲህ በሐሩር ገደቡ የሰውየው ላብ የማመንጨት አቅም ነው፤ በወበቅ ግን የአየሩ ላብ የመቀበል አቅም ነው። በሐሩር ውኃ ያገኘ ሰው ራሱን ሊያግዝ ይችላል፤ በወበቅ ግን ውኃ መጠጣት ብቻውን አይበቃም።

፪. በሀገራችን ቆላዎች

ሁለቱም ዓይነት ሙቀት በሀገራችን አሉ። ወደ መተማና ወደ ሁመራ ለሰሊጥ እርሻ የሚወርደው የደገኛ የቀን ሠራተኛ ሁለቱን በአንድ ዓመት ውስጥ ሊያያቸው ይችላል። በመጋቢትና በሚያዝያ ቴርሞሜትሩ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ አየሩ ግን ደረቅ ነው። ለአረም በሚወርድበት በሐምሌና በነሐሴ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ ዝናብ ጠጥታ በፀሐይ ከምትተን ጥቁር መሬት ላይ ግን ወበቁ ይነሣል። ከዚህ የተነሣ በቁጥር የቀለለው ወር ለሠራተኛው ሊከብድ ይችላል።

የዓለም ሞቃት ስፍራ ሲባል በቅድሚያ የሚጠራው ዳሎል፣ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተደረገው ልኬት የዓመት አማካዩ ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር። ከዚያ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ስንወርድ ምጽዋን እናገኛለን፤ በዚያ የባሕሩ ተን ከፀሐዩ ጋር ይጣመራል።

የቤት አሠራርም ይህንኑ ይናገራል። በደረቅ በረሓ ወፍራም የጭቃ ግድግዳና ጠባብ መስኮት የቀኑን ሙቀት ይመክታሉ፤ ሰማዩ ጥርት ያለ በመሆኑም ምድር ሙቀቷን በሌሊት ትለቃለች። የምጽዋ አሮጌ ቤቶች ግን የባሕሩን ነፋስ ለመጥራት ሰገነትና የእንጨት ፍርግርግ መስኮት አላቸው። በአየሩ ውስጥ ያለው ተን ሙቀቱን ስለሚይዘው የወበቅ ሌሊት እንደ በረሓው ሌሊት አይቀዘቅዝም። በካርቱምና በአሪዞና ቤት የሚያቀዘቅዘው በውኃ የሚሠራ መሣሪያ በወበቅ አገር ብዙም የማይጠቅመውም በእንስራው ምክንያት ነው።

፫. የኦሃዮ ወበቅ

ከኮሎምበስ በስተደቡብ ምሥራቅ የምትገኘው ፒከሪንግተን በበቆሎና በአኩሪ አተር እርሻዎች አካባቢ ያደገች ከተማ ናት። በሐምሌ ወር ከሜክሲኮ ሰላጤ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚነፍሰው እርጥብ አየር እዚህ ይደርሳል፤ በቆሎው ከቅጠሉ የሚያወጣው ተንም ይጨመርበታል። የአየር ጠባይ ሊቃውንት ማዕከላዊ ኦሃዮን በመለያው መሥፈርት ልዩነት አንዳንዶቹ ከእርጥብ አህጉራዊ፣ ሌሎቹ ከእርጥብ ከፊል ሐሩራማ ክልል ይመድቡታል።

ከአዲስ አበባ በሐምሌ የሚመጡ ወላጆቻችን የሚነሡት ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ፣ ከክረምቱ ዝናብና ብርድ ነው። ጋቢያቸውን ይዘው ይመጣሉ። ልጆች ወደ ሥራ ሲሄዱ «ነፋስ እንዳይመታኝ» በማለት መስኮቱን ይዘጋሉ፤ ማቀዝቀዣውን ያጠፋሉ። ይህ አለማወቅ አይደለም። በደጋ ከላብ በኋላ የሚነፍሰው ነፋስ በእርግጥ ያንቀጠቅጣል፤ ምች የሚፈራውም ከፀሐይ ነው። የደጋው ጥበብ አደጋውን በነፋስና በፀሐይ ላይ አስቀምጦታል። ወበቅ ግን ሰውን በጥላ፣ በቤት ውስጥና በሌሊት ያገኛል።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1995 በቺካጎ የደረሰው ነው። በጥቂት ቀናት ወበቅ ከ700 በላይ ሰዎች አለቁ። ኤሪክ ክሊነንበርግ የተባለው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ደጃቸውን የዘጉ አረጋውያን ነበሩ። የገደላቸው ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን የሚያንኳኳላቸው ሰው ማጣታቸውም ነበር።

፬. ምን ይደረግ?

ሰውነት አዲስ ሙቀትን የሚለምደው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ላቡ ቶሎ መውረድ ይጀምራል፣ ጨዉም ይቀንሳል። ስለዚህ የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ከመደበኛው የሙቀት ሥራ 20 በመቶውን ብቻ እንዲሠራ፣ በየቀኑም 20 በመቶ እንዲጨመርለት ይመክራል። በመጋዘን ሥራ የሚጀምሩ ወጣቶቻችን ይህን ሊያውቁት ይገባል።

ለአረጋውያን ግን መልመድም ብዙ አያስተማምንም፤ ላባቸው ይቀንሳል፣ ጥማትም ቶሎ አይሰማቸውም። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱትም ስለ ሙቀቱ ሐኪማቸውን ቢጠይቁ መልካም ነው። ማቀዝቀዣው አየሩን ከማብረድ አልፎ እርጥበቱን ስለሚቀንስ፣ ቤቱን እስከ መንዘፍዘፍ ማቀዝቀዝ አያስፈልግም፤ ነፋሱ በቀጥታ እንዳይነካቸው አድርጎ በመጠኑ መክፈት ይበቃል። አንድ ሰው በወበቅ መካከል ንግግሩ ከተዛባ ወይም ግራ ከተጋባ፣ ላብ ቢወርደውም ደኅና ነው አይባልም፤ ወዲያው 911 መደወልና ሰውነቱን በውኃ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል።

ሐሩርና ወበቅን በሁለት ስም የለዩት አባቶቻችን የጉዳዩን ፍሬ ነገር ይዘውታል። ከእኛ የሚጠበቀው የቃሉን ትርጉም በአዲሱ አገር ማስተዋል ነው። የጠዋቱ የአየር ትንበያ ሲነገር ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን እርጥበቱንም እንስማ፤ ከቀትር በኋላም ብቻቸውን ወደ ዋሉት ወላጆቻችን እንደውል፤ ስልክ ካላነሡም ሄደን በሩን እናንኳኳ።